የአያ ጓንጉል ነገ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ። የዛሬው በረት ውስጥ ግን ያለው አንድ በሬ ብቻ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት የልጆች እናት ነበረች። ያላት አንድ ማሳና ቦራ የሚባል አንድ በሬ ነው። ጎረቤቷ አያ ጓንጉልም በሬው አንድ ነው። አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ ተቀናጁ። ጓንጉል ሁለቱን በሬዎች ጠምዶ ሁለቱንም ማሳ ሊያርስ ተስማሙ።

ጓንጉል የራሱን አርሶ ዘራ። ተራው የእሷ ሆነ።

«አያ ጓንጉል፣ የእኔስ ማሳ?» አለችው።

«ነገ፣ እመት ትርንጎ። ዛሬ መሬቱ ደርቋል።»

በማግስቱ ዝናብ ጣለ። ሄደች።

«ነገ። ዛሬ መሬቱ ጨቅይቷል።»

መሬቱ ጠፈፍ አለ። ሄደች።

«ነገ። ዛሬ በሬዎቹ ደክሟቸዋል።»

ሰነፍ ሰው ዛሬ ነገ ማለት ልማዱ ነው ብላ ልትተወው ነበር። ግን ቦራ ከግጦሽ ሲገባ አየችው። ደክሞታል የተባለው በሬ እንደ ጥጃ ይቦርቃል። ሆዷ ጠረጠረ። ሰነፍ ቢሆን የራሱ ማሳ መች ይዘራ ነበር? ደግሞስ በየማለዳው ማሳዋ ዳር ቆሞ ዓይኑን ከወሰን እስከ ወሰን የሚያንከራትተው ለምንድን ነው?

«ይሄ ሰውዬ አልሰነፈም» አለች በሆዷ። «የዘር ወቅት እስኪያልፍብኝ እየጠበቀ ነው። ልጆቼ ሲርባቸው መሬቴን በእጄ እንድሰጠው።»

ፈራች። ተናደደችም። ሲነጋ ደጁ ሄደች።

«አያ ጓንጉል፣ እኔም ደከመኝ። መሬቱን ላንተ ለእኩል ሰጥቼ ምርቱን መካፈሉ ሳይሻለኝ አይቀርም።»

የጓንጉል ዓይን በራ። «ታዲያ ሽማግሌ ልጥራ?»

«ጦም ባደረ መሬት ምን ውል አለ? መጀመሪያ ይዘራ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ነገ ነገ ሲል የከረመው ሰው ያን ዕለት ዛሬን አወቃት። ሳምንት ሳይሞላ መሬቱን አለስልሶ የእሷን ጤፍ ዘራላት። ከዚያ እየሮጠ መጣ።

«ሽማግሌ ልጥራ?»

«ነገ፣ አያ ጓንጉል። ዛሬ ጓዳዬ ደርቋል።»

ደግሞ መጣ።

«ነገ። ዛሬ ደጄ ጨቅይቷል።»

ደግሞ መጣ።

«ነገ። ዛሬ ደክሞኛል።»

ጤፉ አሸተ። ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ። ጓንጉል እየጮኸ ዛፍ ሥር ወደሚቀመጡት ሽማግሌዎች ሄደ፤ ትርንጎም ተጠራች።

«እኩሌታው የእኔ ነው» አለ።

«ውል አላችሁ?»

«ነገ ብላኝ ነበር።»

አንደኛው ሽማግሌ ወደ ትርንጎ ዞሩ። «ብለሽዋል?»

«ብዬዋለሁ፣ አባቴ። ነገ ማለትን ያስተማረኝ እሱ ነው።» የሆነውንም ሁሉ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱ። «ጓንጉል፣ እርሻው የቦራ ውለታ ነው፤ ዕዳህን ከፍለሃል። የእኩሉን ውል ደግሞ፣ ያ ነገ ያላችሁት ቀን ሲመጣ ይዘኸው ና። እኛ እዚሁ ዛፍ ሥር ነን።»

ልጆቼ፣ ዛሬ ነገ የሚላችሁን ሁሉ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ቀኑ ሲያልፍ ማን እንደሚጠቀም እዩ። ነገ ነገ የሚለውም ይስማ፦ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ነገ ግን እንዳትሉኝ።