እኔንም ቢሆን

በር ላይ ሲፈተሽ የሚቆጣ ሰው ባየሁ ቁጥር አንድ ተረትና ምሳሌ ትዝ ይለኛል። ብዙ ሰው ይተርተዋል፤ መነሻውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ የሆነው ድሮ፣ የቻይና መሳፍንት እርስ በርስ ሲተላለቁ ነው አሉ።

ሊያንግ የሚባል መስፍን ከገዳይ ስለት ለጥቂት ያመልጥና ፋን የተባለውን ጠባቂውን ያስጠራል። ፋን በጦር ሜዳ ፊቱን የማይመልስ፣ በንግግር ግን ዙሪያ ጥምጥም የማያውቅ ጀግና ነበር። መስፍኑ በንዴት፣ «ብረት የያዘ ሰው በዚህ በር እንዳይገባ። ሁሉንም ፈትሽ፤ እኔንም ቢሆን» አለው።

ሌላ ሰው ቢሆን የመጨረሻዋን ቃል ለማጣፈጫ የገባች ናት ብሎ ይተዋት ነበር። ፋን ግን ትእዛዝ አድርጎ ያዛት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መስፍኑ በገባ ቁጥር ይቅርታ እየጠየቀ ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይዳብሰዋል። ሹማምንቱ በሳቅ ፍርስ ይላሉ። አንድ ቀን በእንግዶች ፊት ዳበሰውና መስፍኑ አፈረ፤ ከነገ ጀምሮ ፈረስ ትቀልባለህ አለው። ፋን እጅ ነስቶ ወደ በሩ ተመለሰ።

የዚያኑ ዕለት መስፍኑ አደን ወጥቶ አመሻሽ ላይ ተመለሰ። አጃቢዎቹ የሉም። አንድ እንግዳ ሰው ወገቡን አቅፎታል፤ የመስፍኑ ፊት አመድ መስሏል።

«አስገባን፤ የልጅነት ወዳጄ ነው» አለ።

«እሺ ጌታዬ፤ አስቀድሜ ልፈትሽ» አለ ፋን።

እንግዳው ሳቀ። «ጌታህንም?»

«ጌታዬንም ቢሆን።»

ፋን ከጌታው አንገት ጀመረ። እጁ ከካባው ሥር ዞሮ ወገቡ ላይ ሲደርስ አንድ የተሳለ ጩቤ አገኘ፤ ጩቤውን የጨበጠውን የእንግዳውን እጅም አገኘ። ስለቱን በባዶ መዳፉ ጨብጦ አልለቅም አለ። ደሙ እየወረደ ጌታውን በትከሻው ወደ ግቢው ገፈተረና እንግዳውን መሬት ላይ ዘረረው። ለካ ሰውየው ጫካ ውስጥ አድፍጦ አጃቢዎቹን የፈጀው የጠላት ጦር አለቃ ኖሯል። ፋን አሳልፎት ቢሆን በሩን ለጦሩ ከፍቶ ግቢው በሙሉ ያልቅ ነበር። መስፍኑ ትንፋሹ ሲመለስ እንደ ልጅ አለቀሰ።

በማግስቱ ፋን እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ፈረሶቹ ጋጣ ሲሄድ መስፍኑ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። በሹማምንቱ ሁሉ ፊት ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ «ፈትሸኝ፤ ቤቴ ልገባ ነው» አለው። ፋን በደህናው እጁ ዳበሰው፤ ያን ቀን የሳቀ አልነበረም። ይህን ከደጃፉ ቆመው ያዩት የመስፍኑ አሮጊት እናት፣ «ጌታውን የፈተሸ ዘበኛ፣ ጌታውን በሰላም አስተኛ» አሉ።