አረፋ ያጣው የፊታውራሪ ጠላ

አንድ ፊታውራሪ ነበሩ፤ እርሳቸው ሲገቡ ብድግ ያላለላቸው ሰው፣ በሽተኛም ቢሆን፣ ሳይገረፍ አያድርም። ለልጃቸው ሠርግ አንዲት ጠላ ጠማቂ አስጠርተው ሦስት ጋን አስጠመቁ። ሴትዮዋ የጋኖቹን አፍ በጭቃ መርጋ፣ "ጌታዬ፣ እስከ ሠርጉ ቀን አይከፈት፤ ትንፋሹ ይወጣል" አለች።

ማን ሊሰማት! ባለሥልጣን የተከደነ ነገር አይወድም። ፊታውራሪው ጧት ጧት ምርጊቱን እያስነሡ ቀመሱ። አረፋው ብድግ ብሎ ወደ ጋኑ አፍ ሲመጣ ደስ ይላቸዋል።

በሠርጉ ቀን ጠላው ሲቀዳ እንደ ኩሬ ውሃ ዝም አለ። እንግዶቹ ዋንጫቸውን ይዘው ተያዩ።

ፊታውራሪው በኀፍረት ጮኹ፦ "አንቺ! ጥፋቱ የማን ነው? የእርስዎ ነው ካልሽ ጌታ ሰድበሻልና ትገረፊያለሽ፤ የራሴ ነው ካልሽም ትገረፊያለሽ!"

ሴትዮዋ ነጠላዋን አደግድጋ እጅ ነሣች።

"የማንም አይደለም፣ ጌታዬ። ጠላው ጨዋ ሆኖ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ እርስዎን ባየ ቁጥር ብድግ ሲል ሰነበተ። ታዲያ ዛሬ ለእንግዳ የሚነሣበትን ጉልበት ከየት ያምጣ?"