ጭን ላይ የቀዘቀዘው ዳቦ

አንድ ሰውዬ ነበር፤ እዚሁ አዲስ አበባ የሚኖር፣ መኪናም ትዳርም ያለው፣ ግን ቁጭ ማለት የማይሆንለት። አባቱ ለሕክምና ከገጠር መጥተው ፋሲካን ሆስፒታል ተኝተው አሳለፉት። በዚያ ፋሲካ እሱ ቤት ዶሮ አልተሠራም፤ ዳቦም አልተቆረሰም። ሐምሌ ላይ ሻል ሲላቸው ሽማግሌው "በቃ፣ ሰኞ አገሬ እገባለሁ" አሉ።

ሰውዬውን ጭንቅ ያዘው። ዳግመኛ ይመጡ ይሆን? በዚህ ዕድሜ ማን ያውቃል? ያለፈውን በዓል ሳይክሳቸው ሊሄዱበት ነው!

ታዲያ እቤቱ ቢያከብርላቸው ምን ነበረበት? አይሆንም! ጎረቤቱ ከደብረ ብርሃን ማዶ ጣርማ በር ተራራ ላይ ከነቤተሰቡ የተነሣውን ፎቶ አሳይቶታል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መስኩ ቢጫ በቢጫ፣ ሁሉም ጥርስ በጥርስ ሆነው። ፎቶው የመስከረም ነው፣ ወገኖቼ! የእኛ ሰው በሐምሌ ዶፍ ሊያገኘው ተነሣ።

ቅዳሜ ማለዳ ሚስቱ ትርሲት ድፎ ዳቦ ጋግራ አወጣች። ሽማግሌው መኪናው ውስጥ ከኋላ፣ ከልጅ ልጆቻቸው መሃል ተቀመጡና ዳቦውን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ጭናቸው ላይ አደረጉት። "እሰይ፣ እጄን አሞቀኝ" አሉ።

ሸኖ ሲደርሱ ዝናቡ ጋብ አለ። "ልጄ፣ እዚህ ቆም በልና በትኩሱ ልቁረስላችሁ።"

"እዚህማ ምን አለ፣ አባዬ? ጭቃ ነው። ትንሽ ከፍ እንበል።"

ደብረ ብርሃን ደረሱ። ትንሿ ሶስና "አባቢ፣ ራበኝ" አለች።

"ትንሽ ከፍ እንበል አልኩ!"

"ኧረ አባባም ደክሟቸዋል" አለች ትርሲት። ማን ሰምቷት! ነዳጁን ረገጠው።

ተራራው ላይ ወጡ። ምን አገኙ? ጉም። አበባ የለ፣ ሰማይ የለ፣ የገዛ መኪናቸው አፍንጫ እንኳ አይታይም። ሰውዬው ወርዶ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ፤ ይገለጥ እንደሆነ ብሎ ጠበቀ፣ ደግሞ ሄደ። በስብሶ ሲመለስና በሩን ሲከፍት ልጆቹ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አባቱ ዳቦውን እንዳቀፉ ይንቀጠቀጣሉ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ አባዬ" አለ። "በዓል ላሳይዎት ነበር።"

"እኔ ተራራ አጥቼ ነው እንዴ፣ ልጄ? ተራራ ላይ አይደል ያደግሁት! የናፈቀኝ አንተ ነህ። ከጠዋት ጀምሮ ያየሁት ግን ማጅራትህን ብቻ ነው።"

ሰውዬው ሞተሩን አጠፋ፤ ከኋላ ገብቶ ሶስናን ጭኑ ላይ አድርጎ ከአባቱ አጠገብ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ሽማግሌው መርቀው ቆረሱ። ዳቦው በርዷል። ልጆቹ ግን ነቅተው ሽሚያ ነበር የያዙት። እሱ የመጀመሪያዋን ጉርሻ አባቱ በእጃቸው ሲያጎርሱት እንባው ቀደመው።

ሰኞ አባቱን አውቶቡስ አሳፈራቸው። ከዚያ ወዲህ ተያይተው እንደሆነ ልትጠይቁኝ ነው። አልነግራችሁም! ተያይተዋል ብዬ ብነግራችሁ "እኛም ጊዜ አለን" ልትሉኝ አይደል?

እናንተሳ፣ ወገኖቼ? "ቤቱን ልጨርስና"፣ "ልጄ ትመረቅና"፣ "ሥራው ይቅለለኝና" እያላችሁ የት ነው የምትወጡት? ትንሽ ከፍ፣ ደግሞ ትንሽ ከፍ! እግዚአብሔር ዛሬን ሰጥቷችኋል። እናታችሁ እቤት አሉ። ያኮረፋችሁት ወንድም ስልኩ ክፍት ነው። ሚስትህ ካንተ ጋር በአንድ ማዕድ ከተቀመጠች ስንት ጊዜዋ ነው?

ከዚህ ወጥታችሁ ዛሬ ቤት ስትገቡ ዳቦውን ታቅፎ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ። ንገሩኝ እስቲ፤ ያ ሰው እስከ ዛሬ ያየው ፊታችሁን ነው ማጅራታችሁን?