የእንጎቻ ዘይትና የጓንጉል ወሬ

ጠጋ በሉ ልጆች፣ ደግሞ አታቋርጡኝ። በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ወንዝ ዳር ባለች መንደር እንጎቻ የምትባል ደግ ባልቴት ነበረች። ጎረቤቷ ጓንጉል ደግሞ ምላሱ የሚጣፍጥ፣ ሆዱ የማይሞላ ተንኮለኛ ነበር።

እንጎቻ ጥቁር አዝሙድ ታበጥራለች፣ ትወቅጣለች፣ ዘይቱን ትጨምቃለች። ሳል የያዘውን ደረቱን ታሸዋለች። ጉልበቱ የታሰረውን ጉልበቱን ታሸዋለች። ወገቡን የቆረጠውን ወገቡን ታሸዋለች። ሰዉም እህል ያመጣላታል።

ጓንጉል ይህን አይቶ ቀና። የኑግ ዘይት በጥላሸት አጠቆረና "ከእኔ ውሰዱ" አለ። ማንም አልወሰደለትም።

ውሃ መቅጃው ሄደና "እንጎቻ እኮ ቡዳ ናት" አለ። ገበያ ሄደና "በዘይቱ እያመካኘች ሰው ትበላለች" አለ። ቤቱ ገባና ሚስቱን አትጠገብን "ልጃችንን እንዳታስነኪያት!" አላት።

ሰዉ አመነው። ልጆቻቸውን ስታሽ የኖረችውን ሴት በድንጋይ አባረሯት። እንጎቻ የዘይት ቅሏን አቅፋ ወንዙን ተሻገረች። መንደርተኛውም የጓንጉልን ጥላሸት ይቀባ ጀመር።

ክረምት ገባ። የጓንጉልን አንድያ ልጅ፣ ውዲቱን፣ ሳል ጣላት። አባቷ የራሱን ዘይት አልቀባትም፤ ምን እንደሆነ ያውቃላ! ወንዙን ተሻግሮ ከእንጎቻ እግር ላይ ወደቀ።

"እሜቴ፣ ልጄን ትንፋሽ አጠራት። በድዬዎታለሁ፤ ይድረሱልኝ!"

እንጎቻ ከእግሯ ላይ አነሣችው።

"እኔ እግዜር አይደለሁም። ግን ደረቷን ባሸው ትንፋሹ ይቀላት ይሆናል። ልጅቷ ምን አደረገች?" ብላ ቅሏን ይዛ ተነሣች።

አትጠገብ በሩን ዘግታ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

"ቡዳ ልጄን አይነካም!"

"ውሸቴን ነው!" አለ ጓንጉል።

"አፍዝዛህ ነው እንዲህ የምታስለፈልፍህ!"

"ውዲቱ ትሙት፣ ውሸቴን ነው!"

ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ድንጋይም አነሣ። እንጎቻ ቅሏን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች። አትጠገብ ቅሉን በእግሯ ገፋችው። ጓንጉል ተንበርክኮ ዘይቱን ከጭቃው ላይ በመዳፉ ሲያፍስ፣ ከውስጥ ይሰማ የነበረው ሳል ተቋረጠ።

ውዲቱ ሞተች። ጓንጉል ከዚያ ወዲህ ላገኘው ሰው ሁሉ "ውሸቴን ነበር እኮ" ይላል። ሰዉም "ምስኪን፣ ሐዘን ነው የሚያናግረው" እያለ ያልፈዋል።

አያችሁ ልጆች? ውሸት አንዴ ከታመነ የዋሸው ሰው እንኳ አይመልሰውም። እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተም ስትነግሩ አትጨምሩበት።