ከፍ ያለችው መኪና

አንድ ሰው መኪና ነበረው። ስሙን አልጠራም። ሚስቱ ታሪኩን እንድናገር ወዲያው ነው የፈቀደችልኝ፤ እሱ ግን ሁለት ሳምንት አቅማምቷል። መኪናዋ የቤት መኪና ናት፤ ነጭ፣ አምስት ሰው የምትጭን፣ ዕድሜዋ ከመጀመሪያ ልጁ የሚበልጥ። ሰውየው፣ ሚስቱ ትርንጎ፣ ሁለት ልጆች። እናንተ የምታውቁት ዓይነት ቤተሰብ ነው።

የትርንጎ አባት አዳማ ነው የሚኖሩት። ግማሽ ሰውነታቸው አልታዘዝ ካለ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከአልጋ አይወርዱም። ስለዚህ ይህ ቤተሰብ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ በፈጣኑ መንገድ አዳማ ይወርዳል። ትርንጎ አባቷን ታጥባለች፣ ምሳ ታጎርሳለች፣ ከዚያ ይመለሳሉ። ሳምንቱን ሙሉ የምትጠብቀው ቀን ቅዳሜ ነው።

ስሙኝ እንግዲህ። ዛሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አልናገርም፤ ደክሞኛል። እናንተም ደክሟችኋል፤ ከመድረኩ ሆኜ አየዋለሁ። ከኋላ ያላችሁት ጭንቅላታችሁን ግድግዳው ላይ ብታስደግፉ አልቆጣም። ብቻ ጆሯችሁ እኔ ጋ ይሁን።

የዚያ ሰው ሰፈር መንገድ የእኛኑ ሰፈር መንገድ ነው የሚመስለው። ክረምት ሲመጣ ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል፤ በጋ ሲመጣ ኮብልስቶኑ ይፈነቀላል። መኪናዋ በወጣች በገባች ቁጥር ሆዷ ድንጋይ ይነካል። ቂጭ! መኪና ያላችሁ ያንን ድምፅ ታውቁታላችሁ። የገዛ ጥርሳችሁን በሞረድ የፋቁባችሁ ያህል ነው።

ምን አደረገ? ሁላችንም የምናደርገውን አደረገ። አንድ ጋራዥ ወሰዳትና "ከፍ አድርጉልኝ" አለ። በአራቱም ሞላዎች ላይ ስፔሰር የሚሉትን ወፍራም ማንሻ አስገቡላት፣ ጎማዋንም በትልልቅ ለወጡላት። አራት ጣት ያህል ከመሬት ተነሣች።

ደስ አለው። ጉድጓዱን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ታልፋለች። ከፍ ብሎ ተቀምጦ ሌላውን ባለ መኪና ቁልቁል ያያል። የሚስቱ ወንድም መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አያትና "አሁን ገና መኪና መሰለች!" አለው። ወንዶች፣ እንዲህ ያለች አንዲት ቃል ስንት ዓመት እንደምታኖረን እናንተው ታውቃላችሁ።

ቅዳሜ መጣ። ፈጣኑ መንገድ ላይ ወጡ። ሰማንያ ላይ ሰላም ነው። መቶ ላይ መሪው መላላት ጀመረ። መቶ አሥር ላይ መኪናዋ ወዲያና ወዲህ ትዋልል ጀመር። ሜዳው ላይ ነፋስ ሲመታት ትገፋለች፤ ሰውየው ሲመልሳት ደግሞ አልፋ ትሄዳለች። "ትንሽ ቀስ በል" አለችው ትርንጎ። "ጎማው ነው" አላት።

ጎማው ነው! ሰኞ ጎሚስታ ጋ ሄደ፤ ጎማውን ባላንስ አስደረገ። አልተሻላትም። አላይመንት አስደረገ። አልተሻላትም። የመሥሪያ ቤት ጓደኛው ደግሞ "ቀልላ ነው፣ ከኋላ ክብደት ጣልባት" አለው። ሁለት ማዳበሪያ አሸዋ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ጫነ። ይኸው፣ ዕቃ መጫኛው በአሸዋ ሲሞላ፣ ከአዳማ የሚሸምቱት ሽንኩርትና ሐብሐብ የት ይሂድ? ፖርቶመጋላ ላይ ወጣ። ከፍ ያለችው መኪና ጭራሽ ጭነቷን አናቷ ላይ ተሸከመች። እንዲህ ሆና ከዓመት በላይ ተመላለሰች። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ስቄ ነበር። ቆይቼ ግን ሳቄ ጠፋ።

ለምን ጠፋ? ምክንያቱም ቀጥሎ የመጣው እኔ ጋ ነው። ከአገልግሎት በኋላ ግቢው ውስጥ ያዘኝና "ፓስተር፣ መንገድ ላይ እየፈተነችኝ ነው፣ ይጸልዩላት" አለኝ። እጄን ኮፈኑ ላይ ጭኜ ጸለይኩ። ደህና አድርጌ ነው የጸለይኩት። "ምን አስገብተህባት ነው?" ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ትርንጎ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ አሜን አላለችም። እኔም ለምን እንዳላለች አልጠየቅኋትም። ይህን ነው የምናዘዝላችሁ።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በቀኛቸው አለፈ። ነፋሱ መታቸው። መኪናዋ ወደ ግራ ሸሸች፣ ሰውየው መለሳት፣ ወደ ቀኝ ወደቀች፣ መለሳት። የመንገዱን መሃል አጥር ልትነካ የቀራት ክንድ አይሞላም። ልጆቹ ጮኹ። ቆመው ሁሉም እንደገና መተንፈስ ሲጀምሩ፣ ትርንጎ ሳትጮኽ፣ ሳታለቅስ እንዲህ አለችው፦

"ከዛሬ ወዲያ እኔና ልጆቹ በአውቶቡስ ነው የምንሄደው።"

"አሠራታለሁ እኮ ትርንጎ!"

"ሥራት። እኔ ግን አባቴ ጋ በሕይወት መድረስ እፈልጋለሁ።"

ሰውየው ተናደደ። እኛስ ብንሆን? ሊያሠራት ስንት ጋራዥ ዞሯል! ለእነሱ ብሎ አይደል የሚለፋው! በመጨረሻ ሰዎች ወደ አንድ አሮጌ መካኒክ ላኩት፤ ጋሽ ንጋቱ ይባላሉ። ጋሽ ንጋቱ ቁልፉን ተቀብለው ብቻቸውን ነድተዋት ተመለሱ። ወርደው ከሥሯ አጎነበሱ፣ አዩ፣ ቀና አሉ።

"ማነው ከፍ ያደረጋት?"

"እኔ ነኝ።"

"እና ምን ልጨምርልህ ነው የመጣኸው?"

"በፍጥነት ስትሄድ እንድትረጋ የሚያደርግ ነገር ካለ። ጠንካራ አሞርዛተር አለ ይሉኛል።"

ጋሽ ንጋቱ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "አለ። ይህቺ መኪና ግን የጎደላት የለም። አሞርዛተሩን ወጥረህ ሰቅለኸዋል፣ መሥሪያ ቦታ አሳጥተኸዋል። ክብደቷን ወደ ላይ አወጣኸው። ጎማዋ መሬቱን ይነካዋል እንጂ አይዘውም። እኔ የምጨምርልህ የለኝም፤ የማወጣልህ ነው ያለኝ።"

"ከወጣ ደግሞ ሆዷ ይነካላ ጋሽ ንጋቱ!"

"ይነካል።"

"የሰፈራችንን መንገድ ስላላዩት ነው።"

"ቀስ ብለህ እለፈዋ! ሁለት መቶ ሜትር ለማትሞላ ጉድጓድ ብለህ ሰማንያ ኪሎሜትር ሙሉ ሰው ታስጨንቃለህ?"

ወገኖቼ፣ ሰውየው እዚያው "ያውጡልኝ" ያለ ይመስላችኋል? አላለም። ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ። ሌላ ጋራዥ ሊፈልግ ሄደ። የሚጨምርለት ሰው ሊፈልግ።

ቅዳሜ ሲመጣ ትርንጎና ልጆቹ በአውቶቡስ ተሳፈሩ። እሱም አማቱን መጠየቅ አለበትና በመኪናው ከኋላ ከኋላ ተከተለ። ሊቀድም አይችልም፤ ፍጥነት ሲጨምር ትዋልላለች። አራት ባዶ ወንበር ይዞ፣ አሸዋውን ይዞ፣ የአውቶቡሱን ጀርባ እያየ ይነዳል። ልጆቹ በአውቶቡሱ የኋላ መስኮት አዩት። ደስ ብሏቸው እጃቸውን ያወዛውዙለታል። እሱም በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በአንድ እጁ ያወዛውዝላቸዋል።

"ፓስተር፣" አለኝ በኋላ፣ "የገዛ ልጆቼን እንደ እንግዳ ስሸኝ አገኘሁት ራሴን።"

ሰኞ ጋሽ ንጋቱ ጋ ተመልሶ "ያውጡልኝ" አላቸው። ስፔሰሩ ወጣ። ትልልቁ ጎማ ወርዶ የራሷ ልክ ተመለሰ። አሸዋው ተደፋ። ፖርቶመጋላው ተፈታ። አንዲት አዲስ ዕቃ አልገባችም። የሚስቱ ወንድም አያትና "ምነው፣ ተቀመጠችብህ እኮ!" አለው። ሆዷም መንካት ጀመረ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁንም ይነካል። ሰፈር ሲገባ ሰውየው በእግሩ የሚሄድ ሰው እየቀደመው ነው የሚነዳው።

ትርንጎ ወዲያው አልገባችም። ሁለት ቅዳሜ በአውቶቡስ ሄደች። እሱም አልለመናትም፤ በዚህ አከብረዋለሁ። በሦስተኛው የፊተኛውን በር ከፍታ ተቀመጠች። ፈጣኑ መንገድ ላይ ወጡ። ዘጠና። መቶ። መሪው ዝም አለ። ነፋስ መጣ፤ መኪናዋ ትንሽ ነቅነቅ ብላ ባለችበት ሄደች። ሰውየው "አየሽ?" ሊላት ዞር አለ። ልቡ ሙገሳ ፈልጎ ነበር።

ትርንጎ ተኝታለች። አፏ በትንሹ ተከፍቶ፣ እጆቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተው፣ ተኝታለች።

ቀስ አለ። ቢደርሱም እንዳትነቃ ፈለገ። አዳማ መግቢያ ላይ ነቃችና ዙሪያዋን አየች። "ደረስን እንዴ?" አለች። ከዚያም ዓይኗን እያሻሸች፣ ክፉ ለመናገር ሳይሆን እንዲሁ፣ "ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ካንተ እኩል ስነዳ ነው'ኮ የኖርኩት" አለችው። "አንተ ፍሬን ስትይዝ እኔም እይዛለሁ። አንተ መሪ ስታዞር እኔም አዞራለሁ። አዳማ ስደርስ አባቴን የማጥብበት ጉልበት አይኖረኝም ነበር። ሠርቼ የደከመኝ ይመስልህ ነበር አይደል?"

እናንተስ ምን ትመልሱላት ነበር?

ወገኖቼ፣ እኛ ማን ነን? ያ ሰው አይደለንም? ሕይወት ከታች ፈተገን፤ እውነት ነው፣ ፈትጎናል። አንዱ በሥራ ቦታ ተዋረደ። አንዷ በዘመዶቿ ፊት ተናቀች። ያ ድምፅ አመመን። ስለዚህ ከፍ አልን። ሁለተኛ ማንም እንዳይነካን ከፍ አልን። ማዕረግ ከበታችን አስገባን፣ ቁጣ አስገባን፣ "እኔ አውቃለሁ" አስገባን። ሰዎችም አዩንና "አሁን ገና ሰው መሰልክ" አሉን። ከዚያ መሮጥ ጀመርን። መዋለልም ጀመርን።

ስንዋልል ደግሞ ወዴት እንመጣለን? ወደዚህ። "ጌታ ሆይ፣ ጽናት ጨምርልኝ፤ ጉልበት ጨምርልኝ" እያልን። እኔም ስንት ዓመት ቆሜ ጨምሩ ስላችሁ ኖርኩ። ጸሎት ጨምሩ፣ ጾም ጨምሩ፣ አገልግሎት ጨምሩ፣ ስብሰባ ጨምሩ። በዕቃ መጫኛችሁ አሸዋ ላይ አሸዋ ጫንኩባችሁ። ዛሬ ጨምሩ የምልበት አቅም የለኝም። እግዚአብሔርም ዛሬ ጨምሩ እያላችሁ አይመስለኝም። ሲሠራን የረሳው ነገር የለም። እኛ ያስገባነው ነገር ነው ያለው።

ማውጣት ቀላል ነው አልላችሁም። ሲወጣ ከታች ይነካል። ያማል። ሰው "ተቀመጠብህ" ይላል። ጉድጓዱም አይደፈንም፤ ቀስ ብሎ ማለፍ ብቻ ነው ያለው። ግን እናንተ ብቻችሁን አይደለም የምትሄዱት። ከጎናችሁ የተቀመጠ ሰው አለ። ዝም ያለው ስለተመቸው ይመስላችኋል? አሜን ያላለው ስላላመነ ይመስላችኋል? የደከመው በሥራ ይመስላችኋል?

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። ዛሬ ቤት ስትገቡ የምትኖሩበትን ሰው፣ ሚስትም ትሁን ባል፣ ልጅም ይሁን እናት፣ "ከእኔ ጋር ስትሄጂ ትፈሪያለሽ?" "ከእኔ ጋር ስትሄድ ትፈራለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ አትከራከሩ። "ለእናንተ ብዬ እኮ ነው" አትበሉ። ጎማው ነው አትበሉ። ጠይቁና ዝም በሉ።

እኔ ሐሙስ ዕለት ባለቤቴን ጠየቅኋት። ሳህን እያጠበች ነበር። ውኃውን ዘጋችና ቆመች፤ ከዚያ መልሳ ከፈተችው። እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም። እየጠበቅሁ ነው።

ዛሬ ተነሡ አልላችሁም። ደክሟችኋል። እንደተቀመጣችሁ እንጸልይ።