የክፉው ሰው ድምፅ

አንድ በድምፁ የሚተዳደር ሰው ነበረ።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፤ ግን ከመመለሴ በፊት የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽ። ያልሽኝ ይህ ነው። በፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነሽ። ዳኛው የማያውቁትን ቋንቋ የሚናገር ሰው ሲቀርብ ቃሉን ወደ አማርኛ ትመልሻለሽ። ባለፈው ሳምንት አንድ ባል ሚስቱን ችሎት ፊት ሲዘልፋት፣ ዘለፋውን እንዳለ መናገር አሳፈረሽ። እያለቀሰች ለቆመችው ሴትዮም አዘንሽላት። ስለዚህ ቃሉን አለዝበሽ ለዳኛው አቀረብሽው። «ያን የመሰለ ነገር በአፌ እንዳያልፍ ብዬ ነው፤ አጠፋሁ ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ሕግ አላውቅም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጠመኔ ይዤ ነው። ይህን ሰው ግን አውቀዋለሁ።

ሰውየው ቀድሞ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ የሚናገር ሠራተኛ ነበር። ፈረቃ ሲቀየር፣ ሰው ሲፈለግ፣ የምሳ ሰዓት ሲደርስ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነው። መልኩ ዓይን የሚስብ አልነበረም። ቀጭን ነው፣ አንገቱ ረዥም፣ ሲሄድ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ድምፁን ስትሰሚ ግን ከሌላ ሰው የተዋሰው ይመስልሻል፤ ወፍራምና የረጋ ነው። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ከሥራ ወጣ። ጥቂት ወራት ተቸግሮ ከቆየ በኋላ አንድ ወዳጁ የውጭ አገር ፊልሞች የአማርኛ ድምፅ ወደሚሰጣቸው ስቱዲዮ ወሰደው።

ሥራው እንዲህ ነው። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል አለ። ሰውየው ብቻውን ይገባና ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደርጋል። ፊት ለፊቱ ባለው ቴሌቪዥን የውጭው ተዋናይ አፉን ሲከፍት እሱ አማርኛውን ይናገራል፤ ያኛው ሲዘጋ እሱም መዝጋት አለበት። ተዋናዩ ሲሮጥ እሱ እንደቆመ ያለከልካል። ተዋናዩ ሲበላ እሱ ባዶ አፉን ያላምጣል። ከመስታወቱ ማዶ አዘጋጇ ተቀምጣ ትሰማዋለች፤ ካልጣማት ታስደግመዋለች።

መጀመሪያ የሰጠችው የልጆች ካርቱን ነበር። በካርቱኑ ውስጥ አንድ ሰነፍ ድብ አለ፤ ማር ሲያይ የሚድን፣ ሥራ ሲያይ የሚታመም። የድቡ ድምፅ እሱ ሆነ። የሰፈሩ ልጆች ሲያገኙት «እስቲ እንደ ድቡ አዛጋልን» እያሉ ይከቡት ነበር፤ እሱም መንገድ ላይ ቆሞ ያዛጋላቸዋል። ሰው ድምፁን ወድዶለት አያውቅም ነበርና በጣም ደስ ይለው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ረዥም ተከታታይ ድራማ መጣ። በድራማው ውስጥ አንድ ባለጸጋ አለ። ሚስቱን በእጁ አይነካትም፤ በቃሉ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይገድላታል። አይጮህም። ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይልና እንደ ብረት ይቀዘቅዛል። የእጅጌውን ቁልፍ እየቆለፈ፣ ፊቷን እንኳ ሳያይ «ከዚህ በር ብትወጪ ስምሽን የሚያስታውስ ሰው የለም» ይላታል። አዘጋጇ ይህን ባለጸጋ ለእኛ ሰው ሰጠችው። እሱም ሠራው፤ አሳምሮ ሠራው።

ድራማው በየቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ሲል ሴቶች ዞር ብለው ያዩት ጀመር። ሥጋ ቤት ገብቶ ሲያዝ፣ ባለሥጋ ቤቱ እየሳቀ ለአንተ የሚገባህ አጥንት ብቻ ነው አለው። እናቱ ሳይቀሩ ጎረቤት ሲመጣ ብዙ እንዳይናገር ለመኑት። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሊያደርገው ሲያስብም አንዲት የተከበሩ አሮጊት ተነስተው «ሌላው ይቅር፤ የሟች ስም በዚያ ድምፅ ሲጠራ አልሰማም» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ምርጫው ግን ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

እሱም አብሮ ስቆ ነበር። ቤቱ ሲገባ ግን ነገሩ ከነከነው። በሕይወቱ ሰው አላስለቀሰም፤ ታዲያ የሌላውን ክፋት ለምን ይሸከማል? እንዲህ እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሰነበተና አንድ ዘዴ አገኘ።

ከጽሑፉ አንድም ቃል አልቀየረም። ከክፉው ቃል በፊት ብቻ ትንፋሹን ትንሽ ያዝ ያደርጋል፤ ከዚያ ሲለቀው ድምፁ በስሱ ይንቀጠቀጣል፣ እየተናገረ እንደሚጸጸት ሰው። የተዋናዩ ፊት ደረቅ ነው፤ ጆሮ ግን ዓይንን ይመራል። ያው ስድብ፣ ያው ዛቻ፣ ከተሰበረ ልብ የወጣ ይመስል ጀመር። አዘጋጇ አንድ ቀን ጠርጥራ ምን እያደረግህ ነው ብላው ነበር። ከከንፈሩ ጋር ገጥሟል አላት። በሳምንት ሁለት ክፍል ማድረስ ነበረባቸውና አሳለፈችው።

ሳምንታት አለፉ። ሰው ባለጸጋውን ይወደው ጀመር። ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ በድምፁ አውቃው «አይዞህ፣ የምትጎዳው አንተ ነህ» አለችው። እኒያ ምርጫውን ያስተላለፉት አሮጊት በራሳቸው አንደበት ለእድሩ ጸሐፊነት ጠቆሙት፣ ተመረጠም። እሱም እፎይ አለ።

በድራማው የሚስቲቱን ድምፅ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች፤ ዝምተኛ፣ የሁለት ልጆች እናት። ሁለቱ በየተራቸው ለየብቻ እየገቡ ነው የሚቀዱት፤ ስለዚህ አንዱ የሠራውን ሌላው የሚሰማው እንደማንም ተመልካች ቤቱ ተቀምጦ ነው። አንድ ቀን የስቱዲዮው በር ላይ ጠብቃ አቆመችው።

«ወንድሜ፣ ይቺ ሴትዮ ለምንድን ነው የምታለቅሰው?» አለችው።

«ባሏ ስለሚያሰቃያት ነዋ።»

«ሰው እንደዚያ አይሰማውም። ትናንት ገበያ ላይ አንዷ ‹እንደዚያ የሚሳሳልሽ ባል ይዘሽ ምን ያነፋርቅሻል?› አለችኝ። ለቅሶዬ የድሮው ነው፤ አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም። አንተ ስትለዝብ እኔ እብድ ሆንኩ።»

ድራማ እኮ ነው ብሏት ሄደ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ በእድሩ አዳራሽ ለሽምግልና ተቀመጥን። «ተቀመጥን» ያልኩሽ ከአራቱ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ስለነበርኩ ነው። እሱ በጸሐፊነቱ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ጉዳዩ የአንዲት ልብስ ሰፊና የባሏ ነበር። ከቤቷ ስትወጣ ሦስተኛዋ ነው። አልመለስም ብላለች።

መጀመሪያ ባል ተናገረ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ጥፋት ካለበት ይቅር እንድትለው፣ ያለ እሷ ሰው እንዳልሆነ፣ ምግብ እንደማይበላለት ነገረን። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጠገቤ ያለው ሽማግሌ ዓይኑን ጠረገ። እኔም አመንኩት።

ከዚያ ሴትዮዋን ጠየቅናት። ፊቷ ደረቅ ነው። ይመታሽ እንደሆነ ጠየቅናት፣ አይመታኝም አለች። ታዲያ ምን ያደርግሻል ስንላት ክፉ ይናገረኛል አለች። ምን ብሎ? መሬት መሬት እያየች፣ ቶሎ ቶሎ፣ ያጠናውን በቃሉ እንደሚወጣ ተማሪ ጥቂት ቃላት ነገረችን። በእሷ አፍ ቃላቱ የሞቱ ነበሩ። እንኳን ትዳር ሊያፈርሱ ጠብ የሚያስነሱ አልመሰሉንም። ያን ጊዜ አንዱ ሽማግሌ «ልጄ፣ ቃል አጥንት አይሰብርም። ወደ ቤትሽ ግቢ» አላት።

ያ ሽማግሌ እኔ ነኝ።

ይህን ስል ጸሐፊው መጻፉን አቆመ። በኋላ እንደነገረኝ ባልየው ሲናገር ጀምሮ ልብ ብሎ ያዳምጠው ነበር። ያን መንቀጥቀጥ ያውቀዋል። ትንፋሹ የት ላይ እንደሚያዝ፣ የት ላይ እንደሚለቀቅ ያውቃል፤ በየቀኑ ራሱ የሚሠራው ነውና። ባልየው ከድራማው ተማረው አልልም፤ ይህ ጥበብ ቴሌቪዥን ሳይኖርም የነበረ ነው።

ብድግ አለና ይቅርታ ጠይቆ አንድ ነገር እንድንፈቅድለት ለመነን። ፈቀድንለት። ወደ ሴትዮዋ ሄዶ አጠገቧ ቁጢጥ አለና በመጨረሻው ቀን ባሏ ያላትን ለእሱ ብቻ እንድትደግምለት ጠየቃት። ነገረችው። ሲናገር ቆሞ ነበር ወይስ ተቀምጦ ብሎ ጠየቃት። ጮሆ ነው ወይስ ዝቅ አድርጎ? ያይሽ ነበር ወይስ ሌላ ነገር ያይ ነበር? ሁሉንም በዝግታ መለሰችለት። ተቀምጦ ነበር፣ ራቱን እየበላ። ቀና ብሎ አላያትም።

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ማንንም ሳያይ፣ ቃሉን ለእኛ ተናገረው፦

«ሂጂ። ወንድምሽ በር አይከፍትልሽም፤ ማን ይፈልግሻል? ነገ ብትሞቺ ሬሳሽ የሚነሳው በእኔ እድር ነው።»

ምንም መንቀጥቀጥ አልነበረበትም። በቀን፣ በገዛ ሰፈሬ፣ በወዳጆቼ መካከል ተቀምጬ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ሴትዮዋ ያን ጊዜ ብቻ አለቀሰች። «አዎ፤ እንዲህ ነው የሚለኝ» አለች።

ባልየው መንቀጥቀጡን ረሳው። «በቤቴ ገብቶ የሚፈተፍት አንተ ማን ነህ?» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ቀዝቃዛ ነበር። ጸሐፊው ያሰማን ድምፅ ራሱ ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ከባለቤቱ አፍ ወጣ።

የፈረድነውን አነሳን። ሴትዮዋ ወንድሟ ቤት ሄደች፤ ወንድሟም በሩን ከፈተላት። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አለፈ። እኔ ይቅርታ ጠየቅኳት። አንገቷን ነቀነቀችና ሄደች፤ አልፈርድባትም።

ሰውየው በማግስቱ ስቱዲዮ ሄዶ ለአዘጋጇ ያደረገውን ሁሉ ተናዘዘ። ያበላሻቸውን ክፍሎች እንደገና ልሥራቸው ብሎ ለመናት። አሥራ አራቱ ተላልፈዋል፣ ሰው አይቷቸዋል፣ ከእንግዲህ አይመለሱም አለችው። ከዛሬ ወዲያ ያሉትን ግን እንዳሻህ፤ ሰው ምን እንደሚልህ ታውቃለህ? አለችው። አውቃለሁ አላት። ገብቶ ማዳመጫውን አደረገና ባለጸጋውን እንደ መጀመሪያው አድርጎ ሠራው። የዚያች ዝምተኛ ሴት ለቅሶ፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ እንደገና የሰው ለቅሶ ሆነ።

ሰፈሩም ተመልሶ አኮረፈው። አሮጊቷ ለብዙ ጊዜ ሰላምታ ነፈጉት። እሱ በዚህ አልተማረረም። የሚያንገበግበው ሌላ ነው። አንድ ቀን አብረን ስንሄድ «አሥራ አራቱን ክፍል ብቻ ያየ ሰው ያቺን ሴት ጥፋተኛ ብሎ ቀርቷል። የት ሄጄ ላግኘው?» አለኝ።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም እንደዚህ ሰው በሌላ አፍ ፈንታ የምትናገሪ ነሽ። ዳኛው ባልየውን አይሰሙትም፤ የሚሰሙት አንቺን ነው። ዘለፋውን ስታለዝቢ ሴትዮዋን የሸፈንሽ መስሎሽ ነበር። የሸፈንሽው እሱን ነው። እሷ ግን ቋንቋውን ታውቃለችና እንደ ብረት የቀዘቀዘውን ቃል ሰምታ አለቀሰች፤ ዳኛው ደግሞ ለስላሳ ቃል ሰምተው የምታለቅስ ሴት አዩ። ስለ እሷ ምን እንዲያስቡ ትፈልጊያለሽ? ክፉ ቃል በአፍሽ ቢያልፍ የአንቺ አይሆንም፤ ተናጋሪው ይታወቃል። በአንቺ ዘንድ ከቀረ ግን እውነቱን የሚያውቁት እሷና አንቺ ብቻ ናችሁ፤ እሷን ደግሞ ማንም አያምናትም። እኔ አላመንኳትም ነበር።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው አላልሽኝም? ችሎቱ ሳይጀመር ቀርበሽ «ባለፈው ያስተረጎምኩት ቃል ጎድሎ ነበር» በያቸውና እንዳለ ተናገሪው። ይቆጡሽ ይሆናል፤ ሥራሽንም ሊያሳጣሽ ይችላል፤ አይደርስብሽም ብዬ አልዋሽሽም። የዚያ ሰው አሥራ አራት ክፍል አንዴ አልፎ ነበር፤ የአንቺ ግን ገና ፍርድ አልተሰጠበትም።