«አረንጓዴ ነው» ያለው ድሮን

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ማለት ለምዳችኋል። ዛሬ ላሟን ተዉአትና «የዛፍ ቤት» በሉኝ።

ድሮ ድሮ፣ ድሮን ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ የደን ጠባቂ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ዱላቸውን ይዘው ደኑን በእግራቸው ይዞራሉ። ትልልቆቹን ዝግባዎች በእጃቸው ዳበስ እያደረጉ «እንደምን አደርሽ?» ይላሉ። የመጥረቢያ ድምፅ ከሰሙ በሩጫ ይደርሱበታል። ከሁሉም በምትበልጠው ዝግባ ላይ እሜቴ ጉሬዛ ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። መሬት መርገጥ የማትወድ ኩሩ ናት፤ ዝግባዋ ቤቷም አገሯም ነበረች።

አንድ ቀን ከከተማ ድሮን መጣ። «ጋሼ፣ ደክሞዎታል፤ ይረፉ። እኔ ከላይ ፎቶ አነሳለሁ፤ ወንድሜ ኮምፒዩተር ፎቶውን መርምሮ የጎደለውን ይነግርዎታል» አላቸው። ጉልበታቸውን ያማቸው ነበርና ደስ አላቸው፤ «እሺ፣ ደኑ አረንጓዴ መሆኑን እያየህ ንገረኝ» አሉት። ዱላቸውን ከበር ጀርባ አቆሙት። ነገር የተበላሸው ያን ቀን ነው።

አያ መጥረቢያ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ድሮን ከላይ ዓይን ብቻ እንደሆነ፣ ሲበር የገዛ ጩኸቱ እንደሚያደነቁረው ገብቶታል። ከመሀል ከመሀል ዝግባ እየጣለ፣ በቦታው ባሕር ዛፍ ያስተክል ጀመር።

እሜቴ ጉሬዛ ተጣራች። በምሥራቅ በኩል መጥረቢያ ይሰማኛል አለች። ጋሽ ወንድይፍራው ድሮንን ጠየቁት፤ ድሮን ወንድሙን ጠይቆ ተመለሰ። «አረንጓዴ ነው» አለ። አልዋሸም፤ የጎረቤት ዛፍ ቅጠል ጉቶውን ሸፍኖታል።

ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ጉሬዛ ዳግመኛ ተጣራች፤ መጥረቢያው ቀርቧል አለች። ጠየቁት። «አረንጓዴ ነው» አለ። አሁንም አልዋሸም፤ ባሕር ዛፉ አድጓል።

ሦስተኛ ጊዜ ድምፅዋ ተለውጦ ተጣራች። «ጋሼ፣ የኔዋ ዛፍ እየተንቀጠቀጠች ነው።»

ጋሽ ወንድይፍራው ዱላቸውን አየት አደረጉ። ልባቸው ሂድ ሂድ ቢላቸው ብድግ አሉ። ድሮን ግን ቀደመ፤ «አረንጓዴ ነው» አለ። ተመልሰው ተቀመጡ።

በአራተኛው ክረምት ጉሬዛ አልተጣራችም። ዝምታው አላስቀምጥ አላቸውና ዱላቸውን አንስተው ወጡ። ደኑ በሩቅ ለምለም ነው። ሲገቡ ግን ባሕር ዛፍ ብቻ ተሰልፎ ቆሟል፤ ምንጩ ደርቋል። መሀሉ ላይ አንድ ሰፊ ጉቶ አገኙ። እሜቴ ጉሬዛ ከጉቶው ሥር፣ መሬት ላይ፣ ብቻዋን ተቀምጣለች። ስለ ልጆቿ ሊጠይቋት አልደፈሩም።

«ሦስት ጊዜ ተጣራሁ፣ ጋሼ» አለች።

«ሰምቼሻለሁ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «አለመስማት ቢሆን ምክንያት ይሆነኝ ነበር።»

ድሮንም ዝቅ ብሎ ጉቶው ላይ አረፈና ጩኸቱን አቆመ። የደኑን ዝምታ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። «አረንጓዴ ፈልግ አሉኝ፤ አረንጓዴ አገኘሁ» አለ። «ዝግባ ምን እንደምትመስል ግን ማንም አላስተማረኝም። እያንዳንዷን የሚለዩዋት እርስዎ ነበሩ።»

ጋሽ ወንድይፍራው እጃቸውን ዘርግተው ጉቶውን ዳበስ አደረጉት። «እንደምን አደርሽ?» የሚሏት ግን አልነበረችም።

ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል፤ እግር ካልሄደ ግን ፍርዱ ይዘገያል።

እናንተም ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርብኝ፣ ሄዳችሁ ዛፋችሁን ዳብሱ።